ሐምሌ ላይ ያላበው ሰው

መርሳ ውስጥ ከአያሌው ቤት ይልቅ ለዝናብ የሚመች ቤት የለም። ውጭ ካባራ በኋላ እንኳ እሱ ቤት ውስጥ ገና ይዘንባል። ጎረቤቴ ነው፤ እንደማማው ያውቃል፣ እሱም ያማኛል፤ ስለዚህ እናንተ አትሳቀቁ፣ ልጆቼ።

ያን ዓመት ሚስቱ ጥሩወርቅ ተስላ ነበር። ልጃቸው ሩት ምጥ ጠንቶባት ወደ ወልድያ ሲወስዷት፣ «ሚካኤል፣ ልጄን ካተረፍክልኝ የሐምሌውን ማኅበር እኔ እደግሳለሁ» አለች። ሩትም እንደ ጥጃ የሚያገሳ ወንድ ልጅ ታቅፋ ተመለሰች። እንግዲህ ሚካኤል የድርሻውን ተወጥቷል፤ የቀረው ጣራው ነው።

የጣራውን ነገር ያከበደው የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ አያ ወልደኪዳን ነው። ይሄኛው ሙሴ ባሕር አልከፈለም እንጂ ጉባኤ ሲከፍል ነው የኖረው። ባለፈው ክረምት አንዱ ቤት ጽዋው ላይ ጠብታ ቢያርፍ፣ «ከእንግዲህ ቤቱ ያፈሰሰበት ሰው ጽዋ አይቀበልም፤ ድግሱም ለሌላ ይሰጣል» ብሎ ወሰነ። እኛም ጠላው እንዳይዘገይብን ብለን እሺ አልን። የጥሩወርቅ ስለት እንግዲህ በዚያ ጣራ ላይ ተንጠለጠለ።

አያሌው የሬንጅ ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ከውስጥ በቀዳዳው ስንደዶ ያሾልካል፣ ከላይ ያለው ስንደዶውን አይቶ ይለድፋል። ጥሩወርቅ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ትወጋ ጀመር። የጣራው ቆርቆሮ ግን ዝጓልና ደህና የነበረውም ቦታ ይበሳላት ነበር።

«አንቺ፣ ምነው በዛ?» አለ አያሌው ከላይ።

«ብርሃን ያየሁበትን ነው የምወጋው።»

«መጀመሪያ ትወጊያለሽ፣ ከዚያ ብርሃን ታያለሽ።»

«ዝም ብለህ ለድፍ። ስለቱ የኔ ነው፣ ጣራው ያንተ ነው።»

ጣራው ጃርት መሰለ። ቆርቆሮው ደግሞ ገና እርጥብ ነው፤ ሬንጁ የት ይይዛል? ከአጥሩ ማዶ ሆኜ «ይድረቅ እንጂ» ብለው፣ «ሐምሌ ላይ ምን ይደርቃል፣ አያ፣ ከርስዎ ጉሮሮ በቀር?» አለኝ።

የሚካኤል ዕለት ተሰበሰብን። መደቡ ላይ ከቄሱ ቀኝ ያለው ቦታ የሙሴው ነው። አያ ሙላቱ ያንን ቦታ ሲመኝ ሸብቷል፤ ወልደኪዳንም ስለሚያውቅ ለሽንት ሲወጣ እንኳ ዱላውን አስቀምጦበት ነው የሚወጣ። ቄሱ ጸሎቱን እንደ ጨረሱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ገባ። ጥሩወርቅ መሶቡን እንደያዘች ቀጥ አለች።

ጠብ አለ። የወልደኪዳን መላጣ ላይ። ሁላችንም አየን። ቄሱ ጽዋውን በመዳፋቸው ከድነው፣ ጸሎቱ ያላለቀ ይመስል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አያ ወልደኪዳን፣ ዘነበብዎት እንዴ?» አለ ሙላቱ። ይህን ሲል ጋቢውን ሰብስቦ ለመነሣት አኮብኩቧል።

ወልደኪዳን ጣራውን አየ፣ ጥሩወርቅን አየ፣ ከዚያ ሙላቱን አየ። አፍስሷል ካለ በገዛ ሕጉ ድግሱ ይፈርሳል፤ ከጠብታው ልሽሽ ብሎ ከመደቡ ቢነሣ ደግሞ ቦታው የሙላቱ ነው። ሙላቱ እንደሁ ውሃ የሚፈራ ሰው አይደለም፤ እየዋኘም ቢሆን ይቀመጥበታል።

«ላብ ነው» አለ።

«በሐምሌ?»

«ወጡ አቃጥሎኝ ነው። ጥሩወርቅ፣ በርበሬውን ምነው እንዲህ አደረግሽው?»

ወጡ ገና ከጓዳ አልወጣም ነበር። «እጄ ከብዶብኝ ነው፣ አያ» አለች ጥሩወርቅ መሶቡን እያስቀመጠች።

ሁለተኛው ጠብታ ሬንጅ ይዞ ወረደ። ነጩ ጋቢ ትከሻው ላይ እንደ ቁራ ጠቆረ።

«ላብዎ ጠቆረሳ» አለ ሙላቱ።

«የገበሬ ላብ ነው። አንተ ሠርተህ ስለማታውቅ የራስህን አይተኸው አታውቅም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያልበው ጀመር። ምሰሶው ሥር ያለው «እኔንም አላበኝ» አለ፤ በሩ ጋ ያለው አንገቱን በነጠላ ጠረገ። ቄሱ ዓይናቸውን ገልጠው ጃንጥላቸውን ቤት ውስጥ ዘረጉ። «እኔን እንኳ ፀሐዩ ነው» አሉና ጽዋውን ባረኩ።

ጽዋው ዞረ። አያሌው በሩ ጋ ቆሞ ሲያስተናግድ ጣራውን አንዴም ቀና ብሎ አላየም፤ እንደተጣላ ሰው። ጥሩወርቅ ወደ ጓዳ ገባች። ስለቷን ያተረፈላት ሰው ዋሾ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገችም መሰለኝ፣ ለሙሴያችን የሚቀርበው ወጥ ላይ ሚጥሚጣውን በእፍኟ ነሰነሰችበት።

ወልደኪዳን አንድ ጉርሻ ዋጠና ዓይኑ እንባ ሞላ። ላቡ ከግንባሩ እስከ አገጩ ወረደ። ከመደቡ ግን አልተነሣም።