የዶሮዎቼ ግርድ

የአሚናን ሰርገኛ ድንጋይ ያበላሁት እኔ ነኝ። አልክድም፤ ያኔም አልካድኩም። ከሮቢት እስከ ቆቦ ይህን ያልሰማ ሰው የለም፣ ግን ሁሉም የሚያወራው ግማሹን ነው። ግማሽ ወሬ ደግሞ ያንገሸግሸኛል። ሙሉውን ከራሴ ስሙት።

በላይነሽ እባላለሁ። ሮቢት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው የናፍጣ ወፍጮ የኔ ነው። ባሌ እሸቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1994 ዓ.ም. ሲሞት ትቶልኝ የሄደው ይህንኑ ነው። ልጅ አልወለድንም። ወፍጮው ከቆመ የሚጠብቀኝ ላስታ ያለው የወንድሜ ቤት ነው፤ የሚስቱን ወጥ እያማሰልኩ ጥግ ይዤ ማርጀት።  እኔ ሰው ቤት የማረጅ ሴት ነኝ እንዴ!

ወፍጮ ማለት ሞተር የሚመስለው ሰው አለ። ሞተሩማ ያዞራል፤ የሚፈጨው ድንጋዩ ነው። ድንጋይ ደግሞ ሲሠራ ሲሠራ ፊቱ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ዱቄቱ እየጋለ ይወጣል፣ የጋለ ዱቄት ደግሞ ሊጡ እሺ ብሎ አይቦካም። ስለዚህ በየጊዜው ድንጋዩ ይነሳና ፊቱ በመሮና በመዶሻ ይወቀራል። በእኛ በኩል ይህን ሥራ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የጎብዬው አያ ወልደ ሚካኤል። ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲያሻቸው ይቀራሉ። አሥር ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ መሮ አቀብያለሁ።

እሸቴ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ ድንጋዬ ለሰለሰ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ወፍጮ ዓመቱን የሚኖረው በጥር ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ጎብዬ ላክሁ፤ አያ አልመጡም። ሴቶቹ ዱቄቴን በእጃቸው እየነኩ፣ «ኧረ ይሄ እሳት ነው!» እያሉ አህያቸውን ወደ ቆቦ አዞሩ። ይባስ ብሎ ጎይቶም መጣ። ጎይቶም የቆመ ሞተር እየገዛ አላማጣ ወስዶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሞተሬን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «አይዞሽ ሓፍተይ፣ እኔ አነሳልሻለሁ» አለኝ፤ በትግርኛ እህቴ ማለቱ ነው። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው እባካችሁ!

ተነሥቼ ራሴ ጎብዬ ወረድኩ። አያ ወልደ ሚካኤል ሻይ ቤት ተቀምጠዋል።

«አያ፣ መምጣት ካልቻሉ ያስተምሩኝ። ራሴ እወቅረዋለሁ» አልኳቸው።

ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

«እሱ ተረት የሚሠራው ወንዱ ሲመጣ ነው፤ ወንዱማ ጎብዬ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል!» ብያቸው ወጣሁ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሲስቅ እሰማለሁ። በእኔ ይሁን በሳቸው አላውቅም።

በማግስቱ ደሳለኝ የሚባለውን ጎረቤቴን ለምኜ የላይኛውን ድንጋይ በአጣና ፈንቅለን ገለበጥነው። ሁለት ቀን ወቀርኩ። መጀመሪያ መሮው እየሸሸ አውራ ጣቴን ላጠው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ እጄ ገባው። ዓይኔ አሥር ዓመት ያየውን እጄ አልረሳም። ገጥመን ሞተሩን ስናስነሳ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አሚና፣ ጎረቤቴ። ልጇን ኡሙሰልማን ልትድር የሰርግ ማሽላዋን በአራት አህያ ጭና መጥታለች። ወዲያው ገለበጥኩላት። ዱቄቱ ቀዝቀዝ ብሎ ልም ሆኖ ወረደ። አሚና በመዳፏ ይዛ፣ «ማሻአላህ፣ ወላሂ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። አሚና ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ አሳርዳ ለብቻ አሠርታለች፤ እንጀራው ግን ለሁሉም አንድ ነው። አንዴ ጎረስኩ። ቀጭ! አለ ጥርሴ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ማኘካቸውን አቆሙ። ከወዲያኛው ዳስም ሰው አፉን ይዞ ይተያያል። ወዲያው የሙሽራው ወገኖች ጋጋሪዋን ይወቅሷት ጀመር። ጋጋሪዋ ሸዋዬ የምትባል ምስኪን ናት፣ የሰው ቤት ጋግራ የምታድር። «ሊጡን ሜዳ ላይ ነው ያቦካችው፣ አሸዋ አበላችን!» ይላሉ። እሷ የዳሱን ምሰሶ ይዛ ቆማለች።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ተነሣሁ።

«ሸዋዬን ተዉአት! ድንጋዩ የኔ ነው። የወፍጮዬ ነው። የወቀርኩትም እኔ ነኝ።»

 አሚና አየችኝና ፊቷን አዞረች። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላማ ስሜ ተቀየረ። «ድንጋይ ፈጪ» ሆንኩ። ልጆች በደጄ ሲያልፉ ጠጠር እያቀበሉኝ፣ «እትዬ፣ ይህን ፍጪልን» ይሉኛል። አንድም አህያ ደጄን አልረገጠም። ጎይቶም ቅዳሜ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ላከብኝ። እኔም ደክሞኝ ነበርና፣ ይምጣ አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ለዶሮዎቼ የሚጣል ነገር ፈልጌ ጓዳ ገባሁ። ጥግ ላይ አያ ወልደ ሚካኤል ባለፈው የተዉት እንቅብ አለ፤ የተፈጨ ግርድ፣ ያ ሲነፋ የሚቀረው ገለባና ስባሪ። አሥር ዓመት ሙሉ ወቅረው በሄዱ ቁጥር አንድ እንቅብ «ለዶሮሽ» እያሉ ይተዉልኝ ነበር። እኔም፣ ክፉ ቢሆኑም ዶሮ ይወዳሉ እል ነበር። ያን ቀን አፈስኩና እጄን ጠጠር ቆረቆረኝ። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። የድንጋይ ፍቅፋቂ ሞልቶበታል!

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያወጣው የራሱን ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ የሰው እህል ከመግባቱ በፊት ግርድ ይፈጭበታል፤ ግርዱ ፍርፋሪውን ጠርጎ ይወጣል። ታዲያ እኔ አሥር ዓመት አጠገባቸው ቆሜ ይህን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? አስታወስኩ። ድንጋዩ ተወቅሮ እንደተገጠመ፣ ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፉ፣ አያ እጃቸውን እያራገፉ፣ «በይ በላይነሽ፣ ምሳዬን አምጪ» ይሉኝ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ከማጀት እሰማለሁ፤ ሙከራ ይመስለኝ ነበር። አይ አያ! በአንድ ሳህን ሽሮ አሥር ዓመት ሸወዱኝ! መጀመሪያ ተሳደብኩ፣ ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ተነሣሁ።

ሐሙስ አሚና ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ስህተቴን አግኝቼዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተሽ ቅመሺ፤ ድንጋይ ካገኘሽበት ሞተሩ ይሂድ» አልኳት።

በሩን ዘጋችው።

ዓርብ፣ የአሚና እህል ጠርጎ ያልጨረሰው ፍርፋሪ ካለ ብዬ ሦስት እንቅብ ግርድ ፈጨሁ። የመጀመሪያው ጠጠር ነበር፣ ሁለተኛው ትንሽ፣ ሦስተኛው ንጹሕ። ቅዳሜ ጠዋት የራሴን ማሽላ ፈጭቼ በሰፌድ አድርጌ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። ጎይቶም አይሱዙውን አስጠግቶ ገመድ የያዙ ሁለት ጉልበተኞች አወረደ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ታገሠኝ» አልኩት።

«ሓፍተይ፣ የሚመጣ ሰው የለም እኮ።»

«ካልመጣ ትጭናለህ። አሁን ግን ገመድህን ከደጄ ላይ አንሣ!»

አነሣ። የመንደሩ ሰው ወሬ ለማየት ተሰብስቧል፤ ወደ ሰፌዱ የሚቀርብ ግን የለም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። ጉልበተኞቹ ጥላ ሥር ተኙ። ስድስት ሊሆን ሲል አሚና አንድ አህያ እየነዳች መጣች። ለማንም ሰላም አላለችም። ከሰፌዱ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ከተተችና ማኘክ ጀመረች። አኘከች፣ አኘከች። በግራ ጥርሷ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች።  እመቤቴ ድረሽልኝ አልኩ በሆዴ።

ዋጠችና ወደ አህያዋ ዞረች። «ደሳለኝ፣ ምን ትገተራለህ? አራግፍልኝ!»

ከቆሙት ሴቶች አንዷ፣ «አሚና፣ የልጅሽን ሰርግ ረሳሽው?» አለቻት።

«አልረሳሁም። ባለፈው ዓመት የቆቦው ወፍጮ ዱቄቴን ሲያበላሽ ማሽላሽ ነው፣ ውኃሽ ነው፣ ጋጋሪሽ ናት አሉኝ። ይቺ ግን መቶ ሰው ፊት ተነሥታ የኔ ነው አለች። ሲበላሽ የሚነግረኝ ካለ፣ ሲያምርም አምነዋለሁ» አለች አሚና። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺም ቆመሽ አታልቅሺ፣ ሥራሽን ሥሪ!» አለችኝ።

ጎይቶም ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ደህና ሰው ነው፤ አሁን የሞተር መለዋወጫ የሚያመጣልኝ እሱ ነው።

የካቲት ላይ አያ ወልደ ሚካኤል ሳይጠሩ መጡ። የወፍጮውን ድምፅ ደጅ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የግርድ እንቅብ አዩ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ዶሮዎቼ» አልኳቸው።

አሁን ከጎብዬም ከቆቦ ዙሪያም ለመውቀር የምጠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ራሔል የምትባል የባለ ወፍጮ ልጅ አብራኝ ስትወቅር ዋለች። ድንጋዩ ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሣ። ልጅቱ እጇን እያራገፈች፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ምሳዎትን ላቅርብ?» አለችኝ።

«ምሳው የትም አይሄድም። እዚህ ቁሚ» አልኳትና እንቅቡን በእጇ አስያዝኳት።