የዘጠነኛው ምዕራፍ ልጅ

ዓርብ ከሰዓት ጋሼ ሸዋንግዛው እዚህ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ በሚባል ሰፈር ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቁን ከውስጥ ይቆልፍና አራት ሆነን ስላነበብነው እናወራለን። እኔና አራጋው ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እንሠራለን፤ የወሎ ልጅ የሆነችው ረሂማ እዚያው ሰፈር የቤት ሠራተኛ ናት።

የዚያን ዕለት አራጋው አንድ ልብ ወለድ መጨረሻው እንዳናደደው ሲያወራ ቆየ። ከዚያ ተራው የአይሻ ግለ ታሪክ ሆነ። አይሻ ባሕር ተሻግራ፣ የመንን በእግሯ አቋርጣ እዚህ የደረሰች፣ አሁን አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። አንዳንዱን ገጽ ተቀምጬ ማንበብ እንዳቃተኝ ነገርኳቸው። ጋሼ ሸዋንግዛው ግን ዘጠነኛውን ምዕራፍ አላመነም። በረሃ ላይ አንዲት ልጅ ትሞታለች፤ ጓደኞቿ በሚጠጡት ውሃ አጥበው ይቀብሯታል።

«የጠማው ሰው ውሃውን ለሬሳ አያፈስም» አለ። «አንባቢ ለማስለቀስ የተፈጠረ ነው።»

ረሂማ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች።

«ልጅቷ እህቴ ሳትሆን አትቀርም» አለች።

እህቷ ሰዓዳ በዚያው መንገድ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬዋ ጠፍቶ ቀርቷል። እናታቸው ዛሬም ለዒድ ልብስ ትገዛላታለች። በመጽሐፉ ውስጥ የልጅቷ ስም ሌላ ነው። የፊት ጥርሷ ግን የተሰበረ ነው፤ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች፤ ሰውን ሁሉ «አካሌ» ብላ ትጠራለች።

የደራሲዋ ስልክ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ታትሟል። ቤተሰቦችሽን አማክረሽ ብትደውዪ አልኳት።

«እስካሁን የጠበቅነው አይበቃም?» ብላ ደወለች።

ስልኩ ሲጠራ የሱቁ በር ተንኳኳ። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተቃጠለበት አራጋው ፖሊስ ነው ብሎ ፊቱ አመድ መሰለ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። አንድ ደንበኛ ነበር፤ ስላልደረሰለት የሚስቱ ዓባያ ትንሽ አጉረምርሞ ሄደ። ስልኩም ሳይነሳ ተቋረጠ። ደግማ ስትሞክር አይሻ አነሳች። ረሂማ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስሟንና የተወለደችበትን ቀበሌ ነገረቻት።

«እህቴ፣ የዘጠነኛው ምዕራፍ ልጅ እውነተኛ ስሟ ማን ነው?»

 

«ሰዓዳ ይመር» አለች አይሻ። «ቤተሰቦቿን ፈልጌ አጣሁ። መርዶዋን ከመጽሐፍ እንዳይሰሙ ብዬ ስሟን ቀየርኩት።»

ረሂማ አላለቀሰችም። የውሃው ነገር እውነት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እውነት ነው። የቀረችን ትንሽ ነበረች፤ እምቢ ያለ ግን አልነበረም።»

ጋሼ ሸዋንግዛው ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረሂማ ከቤተሰቧ መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሟ ለሰልማን ነው፤ እናታቸው ብቻዋን እንዳትሰማ ሽማግሌዎች ይዞ እንዲሄድ አደራ አለችው። በማግስቱ መርዶው ተነገረ። እናትየው ኢናሊላሂ ብላ ብዙ አለቀሰች፤ ስትረጋጋም የአይሻን ስልክ ቁጥር ጠየቀች። መቃብሩ የት አካባቢ እንደሆነ፣ ልጇ በመንገድ ላይ ምን ምን ትል እንደነበር ከራሷ ከአይሻ አፍ ሰማች። ሁለቱ ዛሬም ይደዋወላሉ።