የነጅላ ድንኳን

ነጅላ የሞተችው ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ደዶ፣ ወንድሟ ቤት። ወንድሟ ሙሐመድሳኒ ጅማ ላለችው ለጎረቤቷ ለየኔነሽ ሲደውል ብዙ አላወራም። «ኢና ሊላሂ... ሄደች እቴ። ዙሁር እንደተሰገደ ጀናዛዋ ይወጣል። ድረሺ» ብሏት ዘጋው።

የኔነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አቶ አብሳሎም በር ላይ ቆመች። አቶ አብሳሎም የሰፈሩ እድር ንብረት ጠባቂ ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ ያለው በእሳቸው እጅ ነው።

«ደዶ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ የእኛ እድር ከከተማ ወጥቶ ያውቃል?»

«ዛሬ ይወጣል።»

«እዚያስ እድር የላቸውም?»

«ያላቸው ድንኳን አንድ ነው፤ እሱም ሌላ ልቅሶ ላይ ተተክሏል። ሐምሌ ነው አቶ አብሳሎም። ሃያ ሁለት ዓመት በእድራችን የሰው ድስት ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ለቀስተኛዋ ዝናብ ላይ ይቁም?»

«መኪናስ?»

«የእኔዋ ምን ሆነች?»

የእሷዋ መኪና፣ ባሏ ዋቅጋሪ ትቶላት የሞተው አሮጌ ባለማርሽ ፎር ዊል ናት። ፎር ዊል ይበሏት እንጂ የፊት ጎማዎቿ መጎተት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። የኔነሽ ከኋላዋ ትንሽ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ቀጥላ፣ የለስላሳ ሳጥን ከጅማ ሸቤ ታመላልስባታለች። ሴት ተሳቢ አትጎትትም ያሏት ወንዶች ዛሬ መንገድ ይለቁላታል።

ግን ያን ጠዋት የቸኮለችው ለድንኳኑ ብቻ አልነበረም። እሷና ነጅላ ተኳርፈው ነው የተለያዩት። ነጅላ ሕመሙ ሲጠናባት ወንድሟ ዘንድ ልሂድ ስትል የኔነሽ በገነች። «አጥር ሳይኖረን ኖረን፣ ለመታመምሽ ጊዜ ሌላ ቤት መረጥሽ? ከሄድሽ ወዲያ አትምጪ!» አለቻት። ልትሸኛት እንኳ አልወጣችም። ከዚያ ነጅላ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ የኔነሽ ስልኩ ሲጠራ ቁጭ ብላ አየችው። የእልህ ነገር። አሁን የቀራት አንዲት ነገር ናት፤ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ደርሳ፣ ፊቷን አይታ፣ «ነጅላ፣ አፉ በይኝ» ብላ ይቅርታ መጠየቅ።

ጭነቱን አቶ አብሳሎም አስጫኑ፣ በእድሩ ደንብ። የእድር ደንብ ደግሞ ይኼ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። ድስቱ ወደ ተሳቢው ፊት ገባ፣ ቀጥሎ አግዳሚው፣ በስተመጨረሻ ድንኳኑና የድንኳኑ ብረት። ሰፈር ውስጥ በሰው እጅ በሚገፋ ጋሪ ሲሆን ይኼ ደንብ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። አሁን ግን ባዶ ድስት ወደ መኪናዋ፣ ያ ሁሉ ብረት ወደ ተሳቢው ጅራት ሆነ። የኔነሽም አላስተዋለችም። የለመደችው የለስላሳ ሳጥን ከፊትም ከኋላም ክብደቱ አንድ ነው።

ዕቃው ከእጃቸው አይወጣምና አቶ አብሳሎምም ከጎኗ ተቀመጡ። ከከተማ ሲወጡ ደህና ነበሩ። ሜዳው ላይ ተሳቢዋ እንደ ሰከረ ሰው ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረች። «ምንድን ነው የሚንጠን?» አሉ አቶ አብሳሎም በሩን ጨብጠው። «መንገዱ ነው» አለች የኔነሽ። መንገዱ አልነበረም።

ዳገቱን ሲጀምሩ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። መሬቱ ቀይ ጭቃ ነው። እመጠምዘዣው ላይ የኋላ ጎማዎቹ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ። አንደኛ ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ሰጠች፤ መኪናዋ አጓርታ ባለችበት ቀረች። አቶ አብሳሎም ወርደው ከጎማው ስር ድንጋይ ጎዘጎዙ። ትንሽ ሄደች፤ ቆመች።

ከኋላ ባዶ አይሱዙ መጣ፣ ከደዶ ድንች ሊጭን የሚወጣ። ሾፌሩ ሸኩር የሚባል ወጣት ነው። ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ።

«ወላሂ ማዘር፣ መኪናዎ ሱጁድ ወርዳለች! ቂጧን አንስታ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ነው።»

«አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?»

«ቀልዴን አይደለም። ጭነቱ ኋላ ላይ ከብዷል፤ የተሳቢው ምላስ፣ ይኼ መጎተቻው፣ የመኪናዋን ጀርባ ወደ ላይ ይዞ ተነስቷል። ጎማው መሬት ካልተጫነ በምን ይቧጥጣል? ብረቱን አውርደን ወደ ፊት እናምጣው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«ግማሽ ሰዓት የለኝም። ቀብር ላይ ልደርስ ነው።»

«ማሎ ማዘር፣ እባክዎ...»

«ዞር በል!»

አቶ አብሳሎም ጎንበስ ብለው ሌላ ድንጋይ ፈለጉ። የጫኑት እሳቸው ናቸው።

ዋቅጋሪ መንዳት ሲያስተምራት አንድ ነገር አጥብቆ ነግሯት ነበር፤ ዳገት ላይ መኪና የሚያዘው በእጅ ፍሬን ነው እንጂ በፍሪሲዮን አይደለም። የኔነሽ ይኼን እንደ ስሟ ታውቃለች። ግን የሚቸኩል እግር የሚያውቀውን ይረሳል። መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ፍሪሲዮኑን ገሚስ ለቃ፣ ነዳጁን ረግጣ ያዘቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ከስር ጭስ ወጣ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናዋ ግን አትሰማም። ሸኩር ሮጦ ከጎማው ኋላ ታኮ ባይወረውር ገደል ነበር።

«በቃ፣ ፍሪሲዮኗ ተበልቷል» አለ ቀስ ብሎ። አሁን አልሳቀም። «ማዘር፣ ይውጡ እኔ ጋ። በሃያ ደቂቃ ደዶ አደርስዎታለሁ።»

«እውነቱን ነው ልጄ» አሉ አቶ አብሳሎም። «አንቺ ሂጂ። እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ።»

ሰዓቷን አየች፤ አምስት ተኩል ሆኗል፣ ለዙሁር አንድ ሰዓት ግድም ቀርቷል። ያን ጊዜ ብትወጣ ኖሮ ትደርስ ነበር፤ ይኼን ሦስቱም ያውቁታል። ግን የኔነሽ ድንኳኑን ዞራ አየችው። በዚያ ሁሉ ኩርፊያ ላይ ባዶ እጇን ልትገባ ነው? ምን ይዛ? ሴቶቹ አፍ ባይናገሩ ዓይናቸው አይናገርም? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ፣ «ድንኳኑ ካልሄደ አልሄድም» አለች።

«የሞተችው እኮ ድንኳን አልጠየቀችሽም!» አሉ አቶ አብሳሎም፤ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጫኑት አይሱዙው ላይ።»

አይወርድም ያለችው ብረት ወረደ። አግዳሚው ወረደ፣ ድስቱ ወረደ። ሁሉም በዝናብ፣ ሁሉም በሦስት ሰው እጅ፤ አንደኛው ሽማግሌ። ድንኳኑ ውሃ ጠጥቶ ሬሳ አክሏል። ከወዲያኛው ጋራ የመስጊድ የዙሁር ጥሪ ሲሰማ ገና አግዳሚው አላለቀም ነበር። የኔነሽ ድምፁን ሰምታ ቆም አለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀጣዩን አነሳች።

ደዶ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰዋል። ግማሹ በቤቱ ክዳን ስር ተጠጋግቶ፣ ግማሹ ደጅ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ሙሐመድሳኒ ልብሱ እየተንጠባጠበ መጣ።

«ቆየሽ እቴ።»

«ወጣች?»

«ዙሁር ካለፈ በኋላም አስቆምኳቸው። ሴቶቹም ፊቷን ሳይሸፍኑ ጠበቁሽ። ከዚያ በላይ ጀናዛ ማቆየት ደግ አይደለም።» ከዚያ ጨመረ፤ «እኔ በእሷ ፈንታ አፉ ብዬሻለሁ።»

«አንተን መቼ በደልኩህ?» አለች የኔነሽ። ክፉ ልትናገረው አይደለም፤ ነገሩ እውነት ነው።

ነጅላ የታጠበችበት ጓዳ አስገቧት። መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ የመታጠቢያ ጀበናውን ታጥባለች፤ ሬሳዋ ሲታጠብ ውሃ የፈሰሰው በእሱ ነው። የኔነሽ እርጥቡ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትለው የመጣችው ቃል፣ ሰሚው ከሌለ ለካ አይወጣም። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች።

ወጣች። ደጅ ወንዶቹ ድንኳኑን እየተከሉ ነው። ጭቃው ለስላሳ ስለሆነ የመሐሉ ብረት ይዋልላል። የኔነሽ ሄዳ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ፣ ለጎልማሶቹ ተይው። ግቢና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ» አሉ አቶ አብሳሎም።

«ገመዱ ላልቷል። በወዲያ በኩል ሳቡት» አለች።

ሳቡት። ለቀስተኛው አንድ ሁለት እያለ ገብቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ «አላህ ይዘንላት፣ ደህና ነገር መጣ» ይባባላል። ሰው ሁሉ ደረቅ ቦታ አገኘ። ብረቱም ጸንቷል፤ መያዝ አያሻውም። እሷ ግን ግንባሯን አስደግፋው ቆማለች። ከጓዳ ሴቶቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠሯት።

«ዝናቡ ሲያባራ እገባለሁ» አለቻቸው።

ዝናቡ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሰገድ አላባራም።