ነፋሱ እስኪዞር

ላሜራ ሠሪው የጣሪያውን መሰላል ጨርሶ ቀና ሲል ዓይኑን ማመን አቃተው። ትናንት አራት ሜትር አድርጎ ያቆመው ጭስ ማውጫ ዛሬ ከጉልበቱ አይበልጥም። ቆርጠውታል። ሊራገም አፉን ከፈተና ፈጣሪውን ፈርቶ መልሶ ዘጋው።

በዚያ ቱቦ የሚወጣው የተባይ መርዝ ከሚበጠበጥበት ክፍል የሚነሳው ትነት ነው። ለዚህ ብሎ የማይዝግ ላሜራ አስመጥቶ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በብሎን ሳይሆን በብየዳ ዘግቶ፣ ብየዳውንም በባትሪ እያበራ ስንዝር በስንዝር መርምሮ ነው የሰቀለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ታናሽ እህቱ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትሠራለች። ከጭስ ማውጫው ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ለዚያው ክፍል ንጹሕ አየር የሚስበው ቱቦ አፉን ከፍቷል። ማውጫው ካጠረ አንዱ የተፋውን ሌላው ይውጠዋል።

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከታች ሲጠብቀው ቆይቶ። «ከመንገድ ሲያዩት ፋብሪካውን ዳቦ ቤት አስመሰለው።»

«ጌታዬ፣ የሚሸተው ዳቦ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ ነበር።»

«ቀልዱን ተወው። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጠዋት ነፋሱ ወዲያ ስለሚነፍስ ጭሱን ይዞት ይሄዳል። ወዲህ የሚዞረው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ሰውየው ሄዷል።»

የላሜራ ሠሪው ደም ፈላ። ሥራ አስኪያጁ ሳያውቅ ያደረገው መስሎት ነበር። ለካ የነፋሱን ሰዓት ሳይቀር አጥንቶታል!

ተቆጣጣሪው መጣ፤ ችኩል ሰው ነው፣ እስክሪብቶውን ገና ከበሩ አውጥቷል። ከመበጥበጫው በላይ ባለው የላሜራ ቆብ ሥር ነጩ የመሞከሪያ ጭስ ተለኮሰ። ቆቡ ጭሱን ሳብ አድርጎ ወሰደው፤ ጣሪያው ላይም ነፋሱ ይዞት በረረ።

«ጥሩ ነው። ሠሪው ይፈርም።»

«አልፈርምም» አለ ላሜራ ሠሪው። «ሰባት ሰዓት ድረስ ይቆዩና ደግመን እንሞክረው።»

«ወንድሜ፣ ገና ሦስት ፋብሪካ ይቀረኛል።»

እህቱ ጠጋ ብላ ክርኑን ጎተተችው። «ወንድምጋሼ፣ በናትህ ተው። ከሥራ ታስባርረኛለህ።»

«ሥራ ብታጪ እኔ አለሁልሽ። ሳንባ ግን ከየት አመጣልሻለሁ?»

ሄዶ ትነቱን የሚስበውን ማራገቢያ አጠፋ፤ የሚያዞረውንም የጎማ ቺንጋ ፈትቶ አንገቱ ላይ አጠለቀና አንድ የቀለም ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበት። ማራገቢያው ካልዞረ ማንም መርዝ አይበጠብጥም።

«ጥበቃ ጥሩልኝ!» ጮኸ ሥራ አስኪያጁ።

«ይጠሩ። እሱም የሚተነፍስ ሰው ነው።»

ተቆጣጣሪው አንዴ ቺንጋውን አንዴ ሥራ አስኪያጁን አየ። «ነፋሱ ሲዞር ምን አያለሁ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምን ብዬ እነግርዎታለሁ? ዓይንዎ ይንገርዎት።»

ተቆጣጣሪው ስልኩን አውጥቶ የቀጣዩን ፋብሪካ ቀጠሮ ሰረዘ።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ነፋሱ ዞረ። ቺንጋው ተመለሰ፣ ጭሱ ተለኮሰ። ቆቡ እንደ ጠዋቱ ሳበው። ጥቂት ቆይቶ ግን በጣሪያው የአየር ማስገቢያ በኩል ያው ነጭ ጭስ ቀስ እያለ በሴቶቹ ራስ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ሳቋን አቋርጣ «ይሄስ ነጭ ስለሆነ አየነው» አለች።

«የነፋስ ነገር ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ላሜራ ሠሪው ከሰው ጋር ሲጯጯህ ታይቶ አያውቅም። «ማውጫውን አስቆርጠው ከጠዋት ጀምሮ የነፋሱን ሰዓት ሲቆጥሩ የነበሩት እርስዎ አይደሉ!» ድምፁ ከማራገቢያው በላይ ተሰማ። «እነዚህ የሰው ልጆች ናቸው! እግዜርን እንኳ አይፈሩም?»

ተቆጣጣሪው ያንን ሰምቶ ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ሴቶቹን አስወጥቶ በሩን አሸገው።

እህቱ ጓንቷን አውልቃ ወንድሟ ፊት ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከጭሱ ይሁን ከንዴት አይለይም።

«አሁን እስከ መቼ ልንቀመጥ ነው?»

«አዲስ ማውጫ በይጄ እስካቆም። ሁለት ቀን።»

«ሦስተኛ ቀን ብትደርስ» አለች፣ «መጥቼ አናትህ ላይ ነው የምቆመው።»