ቀይዋ የዘይት መብራት

ማንም አልለመነኝም፤ ሥራውን የጀመርኩት እኔው ነኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከውጭ ስመለስ የአባዬን አሮጌ መኪና እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ሸራ ሥር ቆማ አገኘኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባዬ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረችለት ነጻነት በሳምንት ሁለቴ መኪናዋን አስነሥቶ ብቻውን ወንድሙ ቤት መሄድ ነበረች። ሌላ ሰው እንዲነዳለት አይፈልግም።

ዳሽቦርዷ ላይ ከፍጥነትና ከነዳጅ መቁጠሪያው ሌላ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነበረች። የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ ትበራለች፣ በቃ። እኔ ደግሞ ሥራ ፍለጋው አልሰመረልኝም፤ ልቆይ ወይስ ልመለስ እያልኩ ልቤ ሁለት ሆኗል። መማሬ የሆነ ቦታ መታየት ነበረበት። ሦስት ክብ ጌጆች፣ ቁጥርና ቀስት ያላቸው መለኪያዎች፣ ገዛሁ፤ የዘይት ግፊት፣ የውሃ ሙቀት፣ የባትሪ።

ሊያግዘኝ የመጣው የመኪና ኤሌክትሪሻን በዝግታው የተነሣ «ሮኬት» ይባላል። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ካሰበ በኋላ፣

«ኢንጂነር፣ ሞተሩ ላይ ያለው የዘይት ቀዳዳ አንድ ነው፤ እሱንም መብራቷ ይዛዋለች» አለኝ። «ሁለት አፍ ያለው መገጣጠሚያ እናስገባ። አንዱ ለጌጁ፣ አንዱ ለመብራቷ። ነገ ፈልጌ አመጣልሃለሁ።»

«ያንተ ነገ እኮ ወር ነው!»

ሳቀ። «ይሁን። እሷን ግን አትንቀላት። መብራት ትጮኻለች፤ ጌጅ የሚናገረው ለሚያየው ነው።»

«ቁጥር እያለ መብራት ምን ያደርጋል?»

መብራቷን ነቀልኳት፤ ቀዳዳውን ለጌጁ ሰጠሁት። ሽቦዎቹን በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በፊውዝ አሳልፌ፣ ከመሪው ሥር አሰርኩ። ሮኬት እንኳ «ሥራህስ ንጹሕ ነው» አለ።

አባዬን ጠርቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይታይሃል?»

«እንዴት አይታየኝም!»

«ዘይቱ ስንት ይላል?»

«ደህና ነው የሚለው» አለና ጉንጬን መታ መታ አደረገኝ። «ተባረክ። አውሮፕላን አደረግካት እኮ!»

ስንት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። እኔ፣ አባዬ ጋ የምትኖረው እህቴና ሮኬት ስንደርስ መኪናዋ ወደ ወንድሙ ቤት የሚወስደው ዳገት አጋማሽ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አስፋልቱ ላይ ረጅም የዘይት መስመር ተሰምሯል። ሮኬት ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ማጣሪያው ጋ ለቆ ዘይቱ በሙሉ ፈሷል። ሞተሩ ደርቆ ነክሷል፤ ከእንግዲህ አይዞርም። የዚህ ሞተር ዕቃ ደግሞ ከየትም አይገኝም።» ወደ አባዬ ዞረ። «አባባ፣ ጌጁን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ!» አለ አባዬ ቶሎ ብሎ። «ዜሮ ሲል አይቻለሁ። ትደርሳለች ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጄ ደህና አድርጎ ነው የሠራው።»

ሮኬት አየኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ጎማውን ሳይ ቆየሁ።

እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «አላየም። ያለ መነጽር ቅርቡን አያይም፤ መነጽሩን ካደረገ ደግሞ መንገዱ ይደበዝዝበታል። ቁልፉን ትቀማኛለህ ብሎ ፈርቶ ነው ያልነገረህ።»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ሽቦህን ስታስር ነበር የከረምከው።»

አሁን ወንድሙ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ፣ በታክሲ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እንደ ምንም አፌን ከፈትኩ።

«አባዬ፣ መብራቷን የነቀልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከመስኮት ሆኜ አይቼሃለሁ። ሩቁን መች አጣሁት!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ከመጣህ ጀምሮ ስታፏጭ የሰማሁህ ያን ቀን ብቻ ነው።»

ታክሲው ዳገቱን ጀመረ። ሹፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ቆይቶ ሞተሩ ማጓራት ያዘ። የአባዬ ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ላይ ብድግ አለ፣ ማርሽ ሊይዝ ይመስል ወደ ፊት ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።