ራንጌል ለዳፊና ያልነገራት
ራንጌል ከተራራማዋ ከተማ ከስሞልያን ወደ ፕሎቭዲቭ አውቶብስ መንዳት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ድሮ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አንዴም ሳይቆም ይወርደው ነበር። ስድሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ መቆም ግድ ሆነበት። ከጥዶቹ ጀርባ ሄዶ ይቆያል፤ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ እንደ ሰው አይወርድለትም። ሲመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን እማማ ኔዳ የሚባሉ አሮጊት ተሳፋሪ እሱ ከመቆሙ በፊት ቀድመው፣ "ልጄ፣ እስቲ ቁምልኝ፤ እግሬ ደነዘዘ" አሉት። በአገሩ ከእሳቸው የሚበልጥ እግረኛ እንደሌለ ያውቃል። ቆመ፤ ዕንባውም መጣ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ልጁን የምታክል ሴት ናት። መርምራው ስታበቃ፣ "የፕሮስቴት እጢዎ አድጎ የሽንትዎን መንገድ ዘግቶታል፤ ካንሰር ግን አይደለም" ብላ ኪኒን ሰጠችው። ኪኒኑ ትንሽ አሻለው። ነገር ግን ብድግ ባለ ቁጥር ራሱን ያዞረው ጀመር። በገደል አፋፍ ለሚነዳ ሰው ይሄ አያዋጣም፤ ተመልሶ ሄደ።

"እንግዲያው የቀረን ቀዶ ሕክምና ነው" አለችው። "ግን ግዴታ አይደለም። ምን ያህል እንዳስቸገረዎት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ወንድነትዎ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ዘሩ ግን ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ከባለቤትዎ ጋር ይምከሩበት።"

አልመከረም። ለሚስቱ ለዳፊና "ትንሽ ጠብቅ ተብያለሁ" አላትና፣ አምና ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ወዳደረገው ጓደኛው ወደ ቫልኮ ሄደ።

"የመጀመሪያውን ወር እንደ ሕፃን ሱሪዬን ሳረጥብ ከረምኩ" አለ ቫልኮ። "አሁን የምሸናው እንደ ፈረስ ነው!"

ራንጌል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላውስ?" አለው።

"ሌላውን ከሚስትህ ጋር ተነጋገር፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

ከሳምንት በኋላ ደጃፋቸው ላይ አደንጓሬ ሲለቅሙ፣ ራንጌል ዓይኑን ከአደንጓሬው ሳያነሳ ሁሉንም ነገራት። ዳፊና ሳቋ አመለጣት።

"አንተ ሰውዬ! ሰሞኑን ሁሉ ጀርባህን የሰጠኸኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ! በዚህ ዕድሜዬ ልውለድ አልኩህ?"

እሱ ግን አልሳቀም። ይሄኔ እጁን ያዘችው። "ፈርተህ ነው?"

"ትንቂኛለሽ ብዬ።"

"ቀዶ ሕክምናውን ብታደርግም ባታደርግም የኔው ነህ። ብቻ ሌላ ጊዜ ለቫልኮ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ንገረኝ።"

በኅዳር ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ለሽንቱ የገባለት ቱቦ እስኪወጣለት ድረስ ሽንቱ እንደ ቀይ ወይን እየቀላ ሲወርድ ዳፊና ከአልጋው ሥር አልጠፋችም። ለስድስት ሳምንት ያህል ሲስቅና ሲያስነጥስ ያመልጠው ነበር፤ እሷም ሆን ብላ ስታስቀው አታስቂኝ እያለ ይለምናታል። በመጋቢት ወደ አውቶብሱ ተመለሰ።

ሌላውም ነገር ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ከሚስቱ ጋር ከተገናኙ በኋላ ምንም ሳይወጣው ቀርቶ፣ ራንጌል ግር ብሎት ጣሪያውን እያየ ተጋድሟል። ዳፊና ሽበቱን ስትዳብሰው ቆየችና፣ "ተነስ እንግዲህ፣ ድንቹ ሳይላጥ ምሳ ሊደርስ ነው" አለችው። እሱም እየሳቀ ተነሳ።