በእናቴ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ከረጢት

ወንድሜ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። ክልክል ቢሆንም፣ ጉልበት እንዲሆነው ከውድድር በፊት መልሶ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባውን የራሱን ደም በከረጢት እያደረገ በእናታችን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። እሷን "መድኃኒት ነው፣ እንዳትነኪው" ብሏታል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። እማዬ ሥጋውና ወተቱ ሲሸትባት ጣለች፤ የልጇን መድኃኒት ግን አልነካችም፣ ለእሱም ምንም አልነገረችው።

ትናንት አንዱን ከረጢት ወስዶ ተጠቀመበት። ውድድሩ ላይ ዳገት ሲወጣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ሆስፒታል ተኝቶ ለጋዜጠኞች ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቤት የበላሁት ምግብ መርዞኝ ነው።" እናቱ እዚያው አጠገቡ ቆማ! ደሜ ፈላ።

እማዬ አንገቷን ደፍታ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ ያበላሁት" አለቻቸው።

ኮሪደር ላይ ጎትቼ አወጣኋት። "የምን ምግብ! ያ መድኃኒት ያለሽ የራሱ ደም ነው፤ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቶ ነው!"

"ደም መሆኑንማ ዓይን የለኝም እንዴ?" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "አንድ ከረጢት ቀርቷል። ልድፋው ወይስ ሲሻለው ይፈልገዋል?"